ጂ+4 ወይስ ገደብ የለሽ? የሳንታ ክሩዝ የሕንፃ ከፍታ ክርክር

ጥያቄ፦ «በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ ውስጥ ከባሕሩ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ተከራይተን እንኖራለን። ባለቤቴ በየቀኑ ተራራውን ተሻግሮ ሳን ሆዜ ነው የሚሠራው። መሃል ከተማው ላይ ረጃጅም ሕንፃዎች መነሣት ከጀመሩ ወዲህ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። አንዷ ጎረቤቴ ከተማው በሙሉ ከአምስት ፎቅ እንዳያልፍ በሕግ ይታገድ፣ ካልሆነም እያንዳንዱ የከፍታ ጭማሪ በሕዝብ ድምፅ ይወሰን ትላለች። ረጅም ሕንፃ ኪራይ ያስወድዳል፣ ባሕሩን ይጋርዳል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣም መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው ባይ ናት። ሌላው ጎረቤቴ ደግሞ ገደቡ ጨርሶ ይነሣ፣ ቤት ሲበዛ ኪራይ ይወርዳል ይላል። ሁለቱም ድጋፌን እየጠየቁኝ ነው። በሙያው ዓይን የትኛው ትክክል ነው?»

ምላሽ፦ ሁለቱ ጎረቤቶችዎ የተያያዙት የከተማው ምክር ቤት እንዳሻው ሊወስነው በማይችል አንድ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ የማን ቁጥር ይሻላል ከማለት በፊት ቁጥሩ በሕግ ፊት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ምላሽ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፎቅም የምቆጥረው በአሜሪካው ልማድ፣ መሬት ላይ ያረፈውን ወለል ጨምሬ ስለሆነ፣ አምስት ፎቅ ስል እኛ ጂ+4 የምንለውን ማለቴ ነው።

«ከተማው በሙሉ ከአምስት ፎቅ አይለፍ» የሚለው ሐሳብ በ2018 መጀመሪያ ከዚያ በላይ ተፈቅዶባቸው በነበሩ ቦታዎች ላይ ሊጸና አይችልም። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2019 ያወጣው የመኖሪያ ቤት ቀውስ ሕግ፣ የቤት እጥረት የጠናባቸው ከተሞች ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 በሥራ ላይ ከነበረው የከፍታና የጥግግት (በአንድ መሬት ላይ የሚፈቀደው የቤት ብዛት) ፈቃድ በታች እንዳይወርዱ ይከለክላል፤ በአንድ ቦታ ዝቅ ማድረግ የፈለገ ከተማ የዚያኑ ያህል በሌላ ቦታ ከፍ ማድረግ ይጠበቅበታል። ክልከላው የሚመለከተው ምክር ቤቱን ብቻ ሳይሆን መራጩንም ጭምር በመሆኑ፣ ፊርማ ተሰባስቦ የሚቀርብ ሕዝበ ውሳኔም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ይህንን ሳያውቁ ፊርማ የሚያሰባስቡ ሰዎች በቅንነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚያሰባስቡት ፊርማ መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው።

የጎረቤትዎ ሁለተኛ አማራጭ፣ ማለትም ጭማሪ ሁሉ በሕዝብ ድምፅ ይወሰን የሚለው፣ ከዚህ ቀደም ተሞክሯል። በማርች 2024 «ሜዠር ኤም» በሚል ስያሜ ለሳንታ ክሩዝ መራጮች የቀረበው ሐሳብ፣ አሁን ካለው በላይ የከፍታ ወይም የወለል ስፋት ጭማሪ የሚያደርግ ማንኛውም የፕላን ለውጥ በድምፅ እንዲጸድቅ፣ በትልልቅ ፕሮጀክቶች ውስጥ በተመጣጣኝ ኪራይ የሚሰጡት ቤቶች ድርሻም ከ20 ወደ 25 በመቶ እንዲያድግ የሚጠይቅ ነበር። ከመራጩ 60 በመቶ ገደማው ተቃውሞት ወደቀ። የወደቀበትን ምክንያት እያንዳንዱ ወገን በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል፤ እኔ ግን ቢያልፍም ኖሮ ጎረቤትዎ የጠበቁትን ባላመጣ ነበር ባይ ነኝ።

ይህን የምለው የግዛቱ የጥግግት ማበረታቻ ሕግ በሥራ ላይ ስላለ ነው። ይህ ሕግ ከ1979 ጀምሮ የኖረ ቢሆንም እውነተኛ ጉልበት ያገኘው በቅርብ ዓመታት በተደረጉለት ማሻሻያዎች ነው። አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ። በከተማው ደንብ መሠረት አንድ መሬት 100 ቤት ይችላል እንበል። ሳንታ ክሩዝ ከእነዚህ ውስጥ 20 በመቶው፣ ማለትም 20 ቤቶች፣ በተመጣጣኝ ኪራይ እንዲሰጡ ያስገድዳል። አልሚው ከእነዚያ 20 ቤቶች መካከል 15ቱን በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ከመደበ፣ በግዛቱ ሕግ 50 በመቶ ጭማሪ የማግኘት መብት ስላለው 150 ቤት ይሠራል። ተጨማሪዎቹን 50 ቤቶች በመሬቱ ላይ ለማሳረፍ የከፍታ ገደቡ እንቅፋት ከሆነበት፣ ገደቡ እንዲነሣለት ይጠይቃል፤ ከተማውም በጤና ወይም በደኅንነት ላይ የተወሰነና ሊቃለል የማይችል ጉዳት እንደሚያደርስ በማስረጃ ካላሳየ፣ ወይም በታሪካዊ ቅርስነት የተመዘገበ ንብረት ካልተነካ በቀር እምቢ ማለት አይችልም። ሕንፃው ከአካባቢው ጋር አይሄድም ማለት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። በ2022 በሳን ዲዬጎ ባንከርስ ሂል ሰፈር በተነሣ ክርክር የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ያጸናው ይህንኑ ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ አልሚው ተጨማሪ ተመጣጣኝ ቤቶችን ከጨመረ ማበረታቻው እስከ 100 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው፣ ደንቡ ላይ የተጻፈው ከፍታ ጣሪያ ሳይሆን መነሻ መሆኑ ነው። አምስት ፎቅ ተብሎ የተጻፈበት መሬት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ፎቅ ሊነሣ ይችላል፤ ስምንት የተባለበት ደግሞ አሥራ ሁለት፣ ከዚያም በላይ። በ2024 በመሃል ከተማው የሰዓት ማማ አጠገብ 16 ፎቅ ለመሥራት የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ብዙ ነዋሪ የደነገጠው፣ ደንቡ ላይ ያነበበውንና የሰማውን ማስታረቅ ስላልቻለ ነው። ሁለተኛው፣ የ20 በመቶው ግዴታ የሚሰላው በመነሻዎቹ 100 ቤቶች ላይ በመሆኑ፣ 150 ቤት በተሠራ ጊዜ ተመጣጣኝ ኪራይ የሚኖራቸው ቤቶች ድርሻ ወደ 13 በመቶ ዝቅ ማለቱ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ከተማ ክርክር ውስጥ ከፎቅ ብዛት ይልቅ ትኩረት የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነጥብ ነበር፤ ሆኖም ፖስተር ላይ የሚሥለው ሰው አልተገኘም።

የከፍታ ቁጥር ሲመረጥ ከሕጉ ቀጥሎ ወሳኙ የግንባታ ወጪ ነው፤ ወጪው ደግሞ ፎቅ በተጨመረ ቁጥር እኩል አያድግም፣ በደረጃ ይዘላል። በካሊፎርኒያ በብዛት የሚሠራው የመኖሪያ ሕንፃ ታችኛው አንድ ወይም ሁለት ፎቁ ኮንክሪት፣ ከዚያ በላይ ያለው አምስት ፎቅ ያህል ደግሞ እንጨት ነው። ይህ ዓይነቱ አሠራር በጠቅላላው እስከ 85 ጫማ፣ ማለትም 26 ሜትር ገደማ ድረስ ያስኬዳል። ሰው የሚኖርበት የመጨረሻው ወለል የእሳት አደጋ መኪና ከሚቆምበት ቦታ በ75 ጫማ፣ 23 ሜትር ያህል ከፍ ካለ ግን ሕንፃው በግንባታ ኮዱ «ረጅም ሕንፃ» ተብሎ ይመደባል፤ ያን ጊዜ ጭስ እንዳይገባባቸው አየር የሚገፋባቸው ደረጃዎች፣ መጠባበቂያ ጄኔሬተር፣ የእሳት አደጋ መቆጣጠሪያ ክፍልና ሌሎችም ይጨመራሉ፣ የሕንፃው አካልም ከእንጨት ወደ ኮንክሪት፣ ወደ ብረት ወይም ወደ ልዩ ወፍራም የእንጨት ሥራ ይሸጋገራል። ይህን ሁሉ ወጪ ተሸክሞ ዘጠኝ ወይም አሥር ፎቅ ላይ መቆም አያዋጣም፤ ወጪውን የሚካፈሉት ቤቶች ጥቂት ናቸውና። በዚህ ምክንያት የሚሠሩት አብዛኞቹ ሕንፃዎች ወይ ስምንት ፎቅና ከዚያ በታች ናቸው ወይም ከአሥራ ሁለት ፎቅ በላይ። በመካከል ያለ ቁጥር ገደብ አድርጎ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ያማከለ ይመስላል፤ በተግባር ግን የሚያስገኘው ቤት ላይኖር ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በዋና መንገድ ዳር የሚነሣው ጭቅጭቅ ዝቅተኛው የፎቅ ብዛት ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ የመጣ ሰው ከፍተኛውን መገደብ ቀላል ጉዳይ ይመስለዋል፤ ሁለቱም ግን የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ሦስት ስጋቶች እንለፍ። ስለ ኪራዩ፣ አዲስ ሕንፃ ራሱ ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ አዲስ ነገር ሁሉ ውድ ነው። የሳንታ ክሩዝ አካባቢ ግን ረጃጅም ሕንፃዎች ከመነሣታቸው በፊትም ውድ ነበር፤ የአገሪቱ የዝቅተኛ ገቢ መኖሪያ ቤት ጥምረት በ2023 እና በ2024 ባወጣቸው ሪፖርቶች ከአሜሪካ ሁሉ ኪራዩ እጅግ የከበደበት አካባቢ ብሎ የጠቀሰው ይህንኑ ነው። ምክንያቱ 63 ሺሕ ያህል ሕዝብ ባለበት ከተማ ላይ ከ19 ሺሕ በላይ ተማሪ ያለው ዩኒቨርሲቲ መኖሩ፣ እንደ ባለቤትዎ ተራራውን ተሻግረው የሲሊኮን ቫሊ ደመወዝ የሚያገኙ ሰዎች መብዛታቸውና ለአሥርት ዓመታት የተሠራው ቤት ጥቂት መሆኑ ነው። ግዛቱ ከተማው እስከ 2031 ድረስ ለ3,736 አዳዲስ ቤቶች ቦታ እንዲያዘጋጅ ያስገደደውም ለዚህ ነው። በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አዲስ ትልቅ ሕንፃ በአቅራቢያው ባሉ የቆዩ ቤቶች ኪራይ ላይ ያለው ውጤት በአብዛኛው ጭማሪውን መግታት ወይም በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የእርስዎን ኪራይ በሚቀጥለው ዓመት ይቀንሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። እንደ ተከራይ ሊጠይቁ የሚገባው ሕንፃው ስንት ፎቅ ነው ብለው ሳይሆን የሚነሣው ምን ፈርሶ ነው ብለው ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ የሚነሣ ስምንት ፎቅ ማንንም አያፈናቅልም፣ ሰው የሚኖርባቸው አሥር ቤቶች ፈርሰው የሚሠራ ሦስት ፎቅ ግን ያፈናቅላል። ለኋለኛው ሁኔታ የ2019ኙ ሕግ አልሚው የፈረሱትን ቤቶች እንዲተካ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነባር ተከራዮችም ወደ አዲሱ ሕንፃ የመመለስ መብት እንዲኖራቸው ያዛል።

ባሕሩ ይጋረዳል የሚለው ስጋት በሕግ መሠረት አለው፣ ግን ሰዎች በሚያስቡት መንገድ አይደለም። የ1976ቱ የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ሕግ የሚጠብቀው ከመንገድ፣ ከመናፈሻና ከዳርቻው ሆኖ ሕዝብ የሚያየውን እይታ ነው፤ ከግለሰብ ሳሎን መስኮት የሚታየው ባሕር በዚህ ሕግ ጥበቃ የለውም። ከሎረል ጎዳና በስተደቡብ ያለው፣ ከተማው በቁመት እንዲያድግ የታሰበው ክፍል በከፊል በባሕር ዳርቻው ክልል ውስጥ ስለሚገኝ፣ እዚያ የሚደረግ የፕላን ለውጥ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽኑን ማለፍ አለበት። ስለዚህ እይታን ምክንያት አድርጎ የሚከራከር ሰው የትኛው መንገድ ላይ ቆሞ የትኛው እይታ እንደሚጠፋ በፎቶግራፍ ማሳየት ይኖርበታል። ጥላም እንዲሁ በግምት የሚወራ ነገር አይደለም። ሳንታ ክሩዝ በ37 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ፣ ዲሴምበር 21 ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ በዚያ ሰዓት 26 ሜትር ሕንፃ ወደ ሰሜን 46 ሜትር ያህል፣ 40 ሜትር ሕንፃ ደግሞ 70 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ማርች 21 ላይ እነዚሁ ቁጥሮች ወደ 20 እና ወደ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ጉዳቱ የሚመዘነው እንግዲህ በስተሰሜን ያለው ምንድን ነው በሚለው ነው፤ ሰፊ መንገድ ከሆነ ችግሩ ትንሽ ነው፣ የልጆች መጫወቻ ወይም ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጓሮ ከሆነ ግን ላይኛዎቹ ፎቆች ወደ ደቡብ ሸሽተው እንዲሠሩ ማስገደድ ተገቢ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡ ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ጎረቤትዎ በፍርሃታቸው ትክክል ሆነው በምክንያታቸው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ኦክቶበር 17 ቀን 1989 የደረሰው የሎማ ፕሪዬታ የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.9 ነበር፤ መነሻውም ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ተራራ ውስጥ ነው። በመሃል ከተማው ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ የፓሲፊክ ጎዳና የገበያ ሰፈርም አብዛኛው ፈረሰ ወይም ከጉዳቱ በኋላ እንዲፈርስ ተደረገ። በብዛት የወደቁት ግን ረጃጅሞቹ አልነበሩም፤ ፌሮ የሌላቸው፣ ጡቡ በኖራ ብቻ የተያያዘ፣ ሁለትና ሦስት ፎቅ ያላቸው የድሮ ሱቆች ናቸው። የአካባቢው ረጅም ሕንፃ የነበረው ባለ ሰባት ፎቁ የፓሎማር ሆቴል ሕንፃ ዛሬም ቆሟል።

ይህ ማለት ረጅም ሕንፃ አያሠጋም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሕንፃ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝበት የራሱ ጊዜ አለው፤ በግርድፉ ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ተብሎ ይገመታል። ለስላሳና ጥልቅ አፈርም የራሱ የመወዛወዝ ጊዜ ስላለው፣ የሁለቱ ጊዜ ሲገጣጠም ንቅናቄው ይባባሳል። በ1985 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ በደረቀ ሐይቅ አፈር ላይ ከቆሙት ሕንፃዎች ውስጥ ክፉኛ የተመቱት ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ፎቅ ያላቸው ሲሆኑ፣ ከእነሱ ያጠሩትም ሆኑ በጣም የረዘሙት በአንጻሩ ተርፈዋል። የሳንታ ክሩዝ መሃል ከተማ የተቀመጠው የሳን ሎሬንሶ ወንዝ ባመጣው ደለል ላይ ነው፤ ደለሉ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነበት ቦታ ሲነቀነቅ ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ሊሆን እንደሚችል በ1989 ታይቷል። ስለዚህ ለዚህ ሰፈር ትክክለኛው ጥያቄ አምስት ወይስ አሥራ ሁለት የሚል ሳይሆን፣ የዚህ መሬት አፈር በየትኛው ጊዜ ይወዛወዛል፣ የታሰበው ሕንፃስ ከዚያ ምን ያህል ይርቃል፣ መሠረቱ በደለሉ ላይ ያርፋል ወይስ በፓይል (ወደ ጥልቅ በሚተከል ምሰሶ) እስከ ጠንካራው ንጣፍ ድረስ ይወርዳል የሚል ነው። አምስት ፎቅ በእንጨት ተሠርቶ ታችኛው ወለሉ ለመኪና ማቆሚያ ክፍት ሲሆንና ለዚያ የሚገባው ማጠናከሪያ ሳይኖረው ሲቀር፣ በአግባቡ ከተሠራ አሥራ ሁለት ፎቅ ይልቅ አደገኛ ነው።

ከዚህ ጋር ጎርፉ አለ። በ1955 ገና ሰሞን ወንዙ ሞልቶ መሃል ከተማውን ካጥለቀለቀ በኋላ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ቡድን በሁለቱም ዳር የአፈር ግድብ ሠርቶለታል፤ ቦታው ግን ዝቅተኛነቱ አልተለወጠም፣ ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥርም የወንዙ አፍ ውሃውን የማስወገድ አቅሙ ይቀንሳል። በጎርፍ ክልል ውስጥ መኖሪያው ከጎርፉ መጠን በላይ መነሣት ስላለበት፣ መሬት ላይ ያለው ወለል ለሱቅ፣ ለመግቢያ ወይም ለመኪና ይውላል። ከፍታው ከየት ተነሥቶ ይለካል የሚለው ደረቅ ጥያቄ እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ከነባሩ መሬት ከተለካ አንድ ሙሉ የመኖሪያ ፎቅ ይጠፋል፣ ከጎርፉ መጠን ከተለካ ደግሞ ሕንፃው መንገደኛው ከሚጠብቀው በላይ ይረዝማል። በጣሪያው ላይ የሚቆመው የሊፍት ማሽን ክፍልና የአየር ማቀዝቀዣው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውም እንዲሁ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ሳን ዲዬጎ በ1972 በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀው የ30 ጫማ ገደብ አለካኩን በ1970 የግንባታ ኮድ ላይ ስላሠረ፣ ከተማው ዛሬም ለአንድ ሕንፃ ሁለት የተለያዩ የከፍታ አለካኮችን ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል።

የሳን ዲዬጎው ምሳሌ ቁጥርን በሕዝብ ድምፅ መቆለፍ ምን እንደሚያስከትልም ያሳያል። ገደቡ የወጣው ከኢንተርስቴት 5 አውራ ጎዳና በስተምዕራብ ላለው ዳርቻ ነበር፤ በዚያ መስመር ውስጥ በመገኘቱ ብቻ፣ ከውቅያኖሱ ራቅ ብሎ በስታዲየምና በመጋዘን የተሞላው ሚድዌይ የተባለው ሰፈርም አብሮ ተገደበ። ነዋሪው በ2020 እና በ2022 ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ሚድዌይን ከገደቡ ቢያወጣም፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ በቂ አይደለም በሚል ሁለቱንም ጊዜ ውሳኔው በፍርድ ቤት ወድቋል። ገደቡ የባሕር ዳር ሰፈሮችን መልክ ጠብቋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ስሕተት ሆኖ የተገኘውን ክፍል ማረም ከ50 ዓመት በኋላም አልተቻለም።

«ገደቡ ጨርሶ ይነሣ» ለሚሉት ጎረቤትዎ አጭር መልስ አለኝ። ገደብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚወደደው መሬቱ ነው። የመሬቱ ባለቤት ሃያ ፎቅ የሚሸከም ዋጋ እስኪመጣ ይጠብቃል እንጂ ዛሬ ስድስት ፎቅ ሊሠራ ለሚችለው አልሚ አይሸጥም፤ ባዶው ቦታም ባዶ ሆኖ ይቆያል። በተጨማሪም ከተማው ገደብ ሲያነሣ በምላሹ ተመጣጣኝ ቤቶችን የሚጠይቅበትን መደራደሪያ በገዛ እጁ ይጥላል። ውሃ የለም የሚለውን መከራከሪያ ግን አልጋራም። ሳንታ ክሩዝ ከግዛቱ የውሃ መሥመሮች ጋር ስላልተገናኘች በወንዟና በሎክ ሎመንድ ግድብ ላይ የተመሠረተች መሆኗ እውነት ነው፤ ሆኖም በአፓርታማ የሚኖር ቤተሰብ የሚፈጀው ውሃ ሣር ከሚያጠጣው ባለ ግቢ ያነሰ ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ለጂ+4ም ሆነ ለገደብ የለሹ ሐሳብ ድጋፍዎን አይስጡ። በመሃል ከተማው፣ ከዳርቻው ራቅ ባሉና መኖሪያ በማይፈርስባቸው መሬቶች ላይ መነሻው ከፍታ 85 ጫማ እንዲሆን ይደግፉ፤ በእንጨትና በኮንክሪት ሊሠራ የሚችለው፣ በእርግጥም የሚሠራው ይህ ነውና። በቢች ፍላትስ ሰፈርና በነባር ዝቅተኛ ቤቶች አጠገብ፣ እንዲሁም በባሕሩ ገደል አፍ ላይ አዲስ የከፍታ ጭማሪ እንዳይደረግ ይቃወሙ፤ ጭማሪን መከልከል ነባር ፈቃድን መቀነስ ስላልሆነ ከ2019ኙ ሕግ ጋር አይጋጭም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተማው ከግዛቱ ማበረታቻ ጎን ለጎን የራሱን አማራጭ ማበረታቻ እንዲያቀርብ፣ በእሱም ተመጣጣኝ ቤቶች ከመነሻው ሳይሆን ከጠቅላላው የቤት ብዛት ላይ እንዲሰሉ ይጠይቁ። በ2023 መጀመሪያ ከሎረል በስተደቡብ ላለው ክፍል እስከ 17 ፎቅ ሲታሰብ ምክር ቤቱ ከ12 እንዳያልፍ አቅጣጫ የሰጠበት መንፈስ ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ያለ እንዲህ ዓይነት አማራጭ ግን 12 የሚለው ቁጥር ምኞት ብቻ ነው።

ጥንቃቄዎቹም አሉ። የከተማው አማራጭ በፈቃደኝነት የሚመረጥ ስለሆነ፣ ከግዛቱ ማበረታቻ ያልተሻለ ከሆነ ማንም አይመርጠውም፤ ስለዚህ ድርሻው 30 በመቶ ይሁን ብሎ መጮኽ ዜሮ ቤት ሊያስገኝ ይችላል፤ ቁጥሩ በፋይናንስ ጥናት መደገፍ አለበት። ስለ አፈርና ስለ ጥላ የሚጻፈው መመዘኛ ደግሞ በቁጥር የሚለካ መሆን ይኖርበታል። «ከአካባቢው ጋር የተጣጣመ» የሚል ሐረግ ዛሬ ለመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት መከልከያ አይሆንም፤ «ዲሴምበር 21 እኩለ ቀን ላይ ከመናፈሻው ግማሹን አያጠላም» የሚል ግን መመዘኛ ነው፤ አስቀድሞ ከተጻፈ አልሚው በእቅዱ ውስጥ ያስገባዋል፣ በማበረታቻው ሕግ በኩል እንዲነሣለት ከጠየቀም መመዘኛው ቤቶቹ እንዳይሠሩ በእርግጥ እንደሚከለክል ማሳየት ይጠበቅበታል።

ጊዜውንም አይሳቱ። ደንቡን ያሟላ የመኖሪያ ፕሮጀክት ከቀረበ በኋላ ከተማው ከአምስት በላይ ስብሰባ ማድረግ አይችልም፤ በዚያን ጊዜ የሚሰማ ተቃውሞ ውጤቱን ብዙም አይለውጥም። ሐሳብዎ ክብደት የሚኖረው የፕላኑ ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት በሆነበት ወቅት ነው። ያኔም በቃል ከመናገር በተጨማሪ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የሚታዩት ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት በቃል ወይም በጽሑፍ የተነሡት ነጥቦች ብቻ ናቸው፣ በቃል የተነገረ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል።